አፈሩን የሚንደው ውሃ፦ በአረካ ዙሪያ ያሉ የድንጋይና የገረጋንቲ ካባዎች ከዝናብ በፊት እንዴት ይፈተሻሉ?

ከጊፋታ ማግሥት ጀምሮ ዝናቡ እየሳሳ ሲሄድ በአረካ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች ግንባታ ይበረታል። የቤት መሠረት ይቆፈራል፤ የውስጥ ለውስጥ መንገድ ይጠገናል፤ አጥር በድንጋይ ይታነጻል። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ድንጋይ፣ አሸዋና ገረጋንቲ ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም። ከኮረብታ ጎን ተፈልፍሎ፣ ከወንዝ ዳር ታፍሶ፣ በጋሪና በገልባጭ መኪና ተጭኖ ከግንባታው ቦታ ይደርሳል።

ካባው በዚህ መሃል ከቀን ወደ ቀን እየጠለቀ ይሄዳል። በጥቅምት በሰው ቁመት ልክ የነበረ የአፈር ግድግዳ በየካቲት የአንድ ፎቅ ቤት ያህል ሊረዝም ይችላል። ደረቅ አፈር ቀጥ ብሎ መቆም ስለሚችልም የሚጠረጥረው ሰው ጥቂት ነው። የበልግ ዝናብ የሚደርሰው እንግዲህ በዚህ ሰዓት ነው፤ ጉድጓዱ ከዓመቱ ሁሉ በጠለቀበት፣ ግድግዳውም ከዓመቱ ሁሉ ቀጥ ባለበት ጊዜ። ስለዚህ የካባ ፍተሻ ክረምት እስኪገባ የሚጠበቅ ሥራ አይደለም። ትክክለኛው ጊዜ የበልጉ ደመና ከመጠራቀሙ በፊት ያሉት ሳምንታት ናቸው።

ይህ ስጋት ከአካባቢው ታሪክ የራቀ አይደለም። በግንቦት 2008 ዓ.ም. በወላይታ ዞን በከባድ ዝናብ ሳቢያ በደረሰ የመሬት መንሸራተት አርባ ያህል ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ግንቦት የበልግ ማብቂያ እንጂ የክረምት እምብርት አለመሆኑን ልብ ይሏል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰው ናዳ ከ200 በላይ ሰዎችን ቀጥፏል። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ በዚያው ሐምሌ መጨረሻ፣ በወላይታ ዞን ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ በደረሰ ሌላ ናዳ ከአሥር በላይ ሰዎች ሞተዋል። እነዚህ ሁሉ የደረሱት በተፈጥሮ ተዳፋት ላይ እንጂ በካባ ውስጥ አልነበረም። ይሁን እንጂ አፈሩን ያንቀሳቀሰው ኃይል አንድ ነው፤ እርሱም ውሃ ነው። ካባ በዚህ ላይ የሚጨምረው ነገር ቢኖር የተዳፋቱን እግር በዶማና በአካፋ ቆርጦ መጠበቁን ነው።

በቁፋሮ ሥራ ላይ ያለው አደጋም በአገሪቱ አዲስ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ ዞን ደላንታ ወረዳ ኦፓል ለማውጣት ወደ ዋሻ የገቡ ሃያ ያህል ሰዎች በተደረመሰ ዓለት ውስጥ መታፈናቸው ለሳምንታት የአገር መነጋገሪያ ሆኖ ነበር። በኦፓል ዋሻ የሚሞት ሰው ዜና ይሆናል። በገረጋንቲ ካባ አፈር የሚጫነው የቀን ሠራተኛ ግን ብዙውን ጊዜ ከቀበሌው አልፎ አይሰማም።

ከላይ ሸክላ፣ ከሥር አመድ

ከወላይታ ሶዶ በስተሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አረካ ከስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ አጠገብ ናት። መሬቱ ከእሳተ ገሞራ የተወለደ ነው። በጥንት ዘመን የተተፋው አመድና ፍርካሽ ድንጋይ ተደራርቦ ጠጥሯል፤ የላይኛው ክፍል በዝናብና በሙቀት ለረጅም ዘመናት በስብሶ ቀይ ሸክላማ አፈር ሆኗል። የአረካ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚታወቅባቸው እንሰትና የሥራሥር ሰብሎች የሚበቅሉት በዚሁ ጥልቅ ቀይ አፈር ላይ ነው።

ለገበሬው በረከት የሆነው ይህ አቀማመጥ ለካባ ሠራተኛው ወጥመድ ይሆናል። የዝናብ ውሃ በላይኛው አፈር ውስጥ በሥር ቀዳዳዎችና በስንጥቆች በኩል ቶሎ ይሰርጋል። ወደ ታች ሲወርድ ግን ውሃ በቀላሉ የማያሳልፍ ጠንካራ ንብርብር ሲያጋጥመው ይቆማል፤ ከዚያም በንብርብሩ ጀርባ ላይ ወደ ተዳፋቱ አቅጣጫ ይንሸራተታል። የሁለቱ ንብርብሮች መጋጠሚያ ሲርስ ሳሙና እንደተቀባ ሰሌዳ ይሆናል። ካባው ይህን መጋጠሚያ ቆርጦ ከገለጠው፣ ከላይ ያለው አፈር የሚደገፍበት ነገር የለውም።

ውሃ አፈርን የሚንደው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው ክብደት ነው። አሥር ሜትር ስፋት፣ ሠላሳ ሜትር ርዝመትና ሦስት ሜትር ጥልቀት ያለው የካባ አፋፍ 900 ሜትር ኩብ አፈር ይይዛል። የዚህ አፈር አንድ አምስተኛው ባዶ ቀዳዳ ቢሆንና በውሃ ቢሞላ 180 ሜትር ኩብ፣ ማለትም 180 ቶን ውሃ ይጨመርበታል። በሃያ ሊትር ጀሪካን ቢለካ ዘጠኝ ሺህ ጀሪካን መሆኑ ነው። ይህ ሁሉ ሸክም በካባው አፋፍ ላይ የሚጫነው ማንም ሳያየው ነው።

ሁለተኛው ከአፈሩ ቅንጣቶች መካከል የሚገባው ውሃ ቅንጣቶቹን እርስ በርስ እንዳይጨባበጡ መግፋቱ ነው። አፈር የሚቆመው ቅንጣቱ ከቅንጣት ጋር ስለሚፋተግ ነው፤ ውሃ በመካከል ገብቶ ሲገፋ ፍትጊያው ይላላል።

ሦስተኛው፣ ምናልባትም እጅግ የሚናቀው፣ በአፋፉ ላይ ያለው ስንጥቅ ነው። ሁለት ሜትር ጥልቀት ያለው ስንጥቅ በውሃ ሲሞላ በእያንዳንዱ ሜትር ርዝመት ግድግዳውን በሁለት ቶን ገደማ ኃይል ወደ ጉድጓዱ ይገፋዋል። ስንጥቁ አራት ሜትር ቢጠልቅ ግፊቱ አራት ቶን አይሆንም፤ ስምንት ቶን ገደማ ይሆናል። ጥልቀቱ በእጥፍ ባደገ ቁጥር ግፊቱ አራት እጥፍ ያድጋልና። የስንጥቁ ስፋት በዚህ ላይ ለውጥ አያመጣም፤ ጣት የማያስገባ ቀጭን ስንጥቅም ውሃ ከሞላ ያው ነው።

ፍተሻው የሚጀመረው ከላይ ነው

ብዙ ጊዜ ካባን ሊያይ የመጣ ሰው በመኪና መግቢያው በኩል ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ግድግዳውን ሽቅብ ይመለከታል። ይህ አደገኛም ነው፤ ብዙ የሚያሳይም አይደለም። ጥሩ ፍተሻ የሚጀመረው ከአፋፉ በላይ፣ ቢያንስ የግድግዳውን ቁመት ያህል ወደ ኋላ ርቆ፣ መሬቱን እያዩ በመራመድ ነው።

እዚያ የሚፈለገው ከአፋፉ ጋር ትይዩ የሆነ ስንጥቅ ነው። ሣር ሊሸፍነው፣ የእንሰት ቅጠል ሊወድቅበት ይችላል። ስንጥቅ ባይታይ እንኳ ሌሎች ምልክቶች አሉ፤ ወደ ካባው ያዘነበለ የአጥር እንጨት፣ ከሥሩ ጀምሮ የተጋደመ ባሕር ዛፍ፣ ከትናንት ወዲህ ዝቅ ያለ መሬት፣ በሩ አልዘጋ ያለ ጎጆ። የወላይታ ገጠር ሕዝብ ተጠጋግቶ የሰፈረበት፣ የእርሻ ይዞታውም ጠባብ የሆነበት አካባቢ በመሆኑ ከካባው አፋፍ እስከ ሰው ጓሮ ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ፍተሻው ከአፋፉ በላይ የሚኖረውን አባወራና እማወራ ሳይጠይቅ አይሟላም። መሬቱ መሰንጠቁን አስቀድሞ የሚያየው በየጠዋቱ ለእንሰቱ ፍግ የሚያወጣው ሰው ነው።

ስንጥቅ ከተገኘ የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ችካሎች ይተከላሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በሜትር ተለክቶ ከነቀኑና ከነሰዓቱ በደብተር ይጻፋል። ጠዋትና ማታ ይለካል። ርቀቱ ካልተለወጠ ስንጥቁ አርፏል ማለት ነው፤ ያም ሆኖ እስከሚዘንብ ድረስ ብቻ። ከተለወጠ ሥራው ይቆማል። ዛሬ ከትናንቱ የበለጠ፣ ነገም ከዛሬው የበለጠ እየሰፋ ከሄደ ግን መናዱ እየቀረበ ነውና ከላይ ያሉትም ከታች ያሉትም ሰዎች መራቅ አለባቸው።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ታች መውረድ። በግድግዳው ላይ የሚታየው እርጥበት የት ቦታ ላይ እንደሚጀምር ይመዘገባል። ድርቅ ባለ ቀን ከግድግዳው አጋማሽ የሚያነባ ውሃ ከተገኘ፣ ከላይ የተነገረው የንብርብር መጋጠሚያ እዚያ አለ ማለት ነው። የሚወጣው ውሃ ጥርት ያለ ከሆነ አንድ ነገር ነው፤ ከደፈረሰ ግን ውሃው ከውስጥ አፈር ይዞ እየወጣ፣ ግድግዳውን ከጀርባ እየቦረቦረው ነው።

ለካባ ሠራተኞች ሞት ዋና ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ ከሥር መቦርቦር ነው። ልል ገረጋንቲ ከግድግዳው እግር ሲቆፈር ከላይ ያለው በራሱ ይወርዳል፤ ጉልበት ይቆጥባል፤ መኪናው ቶሎ ይሞላል። በቀን ስንት መኪና እንደተጫነ ታይቶ ለሚከፈለው ወጣት ይህ ፈተና ቀላል አይደለም። ከላይ ያለው አፈር መቼ እንደሚወርድ የሚወስነው ግን ቆፋሪው አይደለም። መፍትሔው ከላይ ወደ ታች በእርከን መቁረጥ ነው። እያንዳንዱ እርከን ከሰው ቁመት የማይበልጥ፣ ሰው ቆሞበት የሚሠራበት ወለል ያለው ይሆናል። ለንጽጽር ያህል፣ የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ ከአንድ ሜትር ተኩል ገደማ በላይ የጠለቀ የቦይ ቁፋሮ ያለ ድጋፍ ወይም ያለ ተዳፋት እንዳይሠራ ይከለክላል፤ ልል ለሆነ አፈር ደግሞ ለእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ ወደ ጎን አንድ ሜትር ተኩል እንዲጋደም ያዛል። በብዙ ካባዎች ከሚታየው ቀጥ ያለ ግድግዳ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው።

አንድ ሌላ ጉዳይም አለ። ቀትር ላይ ፀሐይ ስትበረታ ሠራተኞች ምሳቸውን የሚበሉት በግድግዳው ጥላ ሥር ነው። ሥራ ባለመሠራቱ አደጋ የሌለ ይመስላቸዋል። የማረፊያ ዳስ ከግድግዳው ርቆ መሠራቱን ማየት ከፍተሻው ነጥቦች አንዱ መሆን ይገባዋል፤ ወጪውም ጥቂት እንጨትና ሸራ ነው።

ቦዩ ወዴት ይፈሳል?

የጎርፍ መቀልበሻ ቦይን የወላይታ ገበሬ አዲስ ነገር አድርጎ አያየውም። በተፋሰስ ልማት ሥራ በየዓመቱ የሚቆፈር ነው። ለካባም የሚሠራው ያው ቦይ ነው፤ ከአፋፉ በላይ ሆኖ ከኮረብታው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ጎን ይመልሳል። ተዳፋቱ ለስላሳ መሆን አለበት፤ በመቶ ሜትር ርዝመት ከግማሽ እስከ አንድ ሜትር ዝቅ ቢል በቂ ነው። ከዚህ ከበለጠ ቦዩ ራሱ ይቦረቦራል፤ ከዚህ ካነሰ ውሃው ተኝቶ ይሰርጋል። የግብርና ባለሙያዎች ለእርከን ሥራ የሚጠቀሙበት ክርና የውሃ ልክ ለዚህም ይበቃል።

ስህተቱ የሚፈጠረው በሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው ቦዩን ለአፋፉ አጠጋግቶ መቆፈር ነው። እንዲህ ያለው ቦይ ጎርፉን አይከላከልም፤ ይልቁንም ሰብስቦ ወደ ስንጥቁ ያስገባዋል። ባይቆፈር ይሻል ነበር። ቦዩ ስንጥቅ ሊፈጠር ከሚችልበት ክልል በላይ፣ ወለሉ በሸክላ ተጠቅጥቆ መሠራት አለበት።

ሁለተኛው የቦዩን መጨረሻ አለማሰብ ነው። ከካባው የተቀለበሰው ውሃ የሆነ ቦታ ይወጣል። ሣር በለበሰ የውሃ መፋሰሻ ወይም ድንጋይ በተነጠፈበት መውረጃ ካልተለቀቀ የጎረቤቱን ማሳ ሰንጥቆ ይሄዳል። የወላይታ መሬት ደግሞ ለቦረቦር የተጋለጠ ነው፤ በአንድ ክረምት የተከፈተ ቀጭን ፈር በጥቂት ዓመታት ከብት የማያሻግር ገደል ሊሆን ይችላል። የካባው ግድግዳ ዳነ ተብሎ የሩብ ሄክታር ባለይዞታ ጎደሬና ስኳር ድንቹን ካጣ ችግሩ ተዛወረ እንጂ አልተፈታም። ከካባ አጠገብ ያሉ ብዙ አለመግባባቶች መነሻቸው ከድንጋዩ ይልቅ ከዚህ ውሃ ነው።

በጉድጓዱ ወለል ላይ የሚጠራቀመው ውሃም የራሱ ጣጣ አለው። አረካ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ከወባ ነፃ አይደለችም፤ የረጋ የካባ ውሃ ለትንኝ መራቢያ ይሆናል። ልጆችም ይዋኙበታል። ስለዚህ ብዙዎች ውሃውን በፓምፕ በአንድ ቀን መጥጦ ማውጣትን እንደ መልካም ሥራ ያዩታል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጉድጓዱን ሞልቶ የቆየው ውሃ ግድግዳውን ከፊት ለፊት ሲደግፈው ነበር። በፍጥነት ሲወጣ ግድግዳው ውስጡ እንደራሰ ድጋፉን ያጣል፤ ካባ ውሃው በተመጠጠ ማግሥት የሚናደውም በዚህ ምክንያት ነው። ውሃው በጥቂት በጥቂቱ፣ በቀናት ልዩነት ዝቅ እየተደረገ፣ ሰው ወደ ወለሉ ሳይወርድ መውጣት ይኖርበታል።

የተቆለለው አፈር

ድንጋዩ ከመገኘቱ በፊት የሚገፈፈው አፈር የትም ይጣላል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአፋፉ ላይ፣ ለሥራው ቅርብ በሆነበት። ይህ ቁልል አፋፉን ይጫነዋል፤ ጎርፍም ያቁራል። ከሁሉ የከፋው በምንጭ ላይ መቆለል ነው።

በዌልስ አገር አበርፋን በምትባል የማዕድን መንደር የሆነው ለዚህ ምስክር ነው። ከከሰል ማውጫው የሚወጣው ትርፍ አፈር ከመንደሩ በላይ ባለው ተራራ ላይ ይቆለል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 የተጀመረው ሰባተኛው ቁልል ያረፈው ምንጭ በሚፈልቅበት መሬት ላይ ነበር። ምንጩ በካርታ ላይ ይታያል፤ ነዋሪውም ያውቀዋል፤ ስጋታቸውን በጽሑፍ ያቀረቡም ነበሩ። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 21 ቀን 1966 ጠዋት፣ ከቀናት ዝናብ በኋላ፣ ቁልሉ እንደ ፈሳሽ ሆኖ ወርዶ ትምህርት ቤት ላይ ዐረፈ። 144 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ 116ቱ ሕፃናት ነበሩ። እንግሊዝ የማዕድን ቁልሎችን የሚመለከት የተለየ ሕግ ያወጣችው ከዚህ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በአገራችንም መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች መሞታቸው አይዘነጋም። ክምሩ አፈርም ይሁን ቆሻሻ፣ ቁልሉ የተፈጥሮን ቅርጽ ይዞ እንደኖረ ኮረብታ የተፈተነ አይደለም።

ስለዚህ የአረካ ዙሪያ ካባ መርማሪ ከቁልሉ ሥር ምንጭ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ከሽማግሌዎች ማግኘት ይችላል። የደረቀ ምንጭም ምንጭ ነው፤ ጥሩ ዝናብ ባገኘ ዓመት ይመለሳል።

ማን ይፈትሽ?

የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 እና የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 መነሻዎች ናቸው። ለአገር ውስጥ ባለሀብት የግንባታ ማዕድናት ፈቃድ የሚሰጠው፣ የሚቆጣጠረውም ክልሉ ነው። ባለፈቃዱ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት እንዲያቀርብና የተቆፈረውን መሬት መልሶ ለማልማት ገንዘብ እንዲመድብ ሕጉ ይጠይቃል። የባህላዊ ማምረት ፈቃድ ግን ከጥናቱ ግዴታ ውጭ ነው። ዓላማው ለድሃው አምራች ሸክም ማቅለል ቢሆንም ውጤቱ የተገለበጠ ነው፤ መሐንዲስና ኤክስካቫተር ያለው ድርጅት ወረቀት ሲጠየቅ፣ በዶማ ግድግዳ ሥር የሚቆፍሩት ወጣቶች ማኅበር ያለ ምንም ጥናት ይሠራል። ከቢሮ የሚመጣ ባለሙያ በዓመት አንድ ቀን ሊያየው ይችል ይሆናል። አፈሩ ግን በዓመት አንድ ቀን ብቻ አይርስም።

ይህን ክፍተት የሚሞላው የማኅበሩ የራሱ ሰው ነው። በየጠዋቱ ማንም ከመውረዱ በፊት አፋፉን የሚዞር፣ ችካሉን የሚለካ፣ በደብተር የሚጽፍ፣ ሥራ የማስቆም ሥልጣን ያለው አንድ ሰው። ሥልጣኑ ከሌለው መዞሩ ዋጋ የለውም፤ መኪና ቆሞ ሲጠብቅ ሥራ የሚያስቆም ሰው እንደማይወደድ ግልጽ ነውና፣ የዚያ ሰው የቀን ክፍያ በተጫነው መኪና ብዛት መሆን የለበትም። የቀበሌው የግብርና ባለሙያም ከቦይና ከእርከን ጋር የኖረ በመሆኑ ከማንም ይልቅ ሊያግዘው ይችላል።

ዝናብ ካባራ በኋላ ያሉት ቀናትም በደብተሩ ሊታዩ ይገባል። ፀሐይ ሲወጣና የላይኛው አፈር ሲደርቅ ሠራተኛ ይመለሳል። ሸክላ ግን የጠጣውን ውሃ ቶሎ አይለቅም፤ ከላይ የሰረገው ውሃ ከግድግዳው ጥልቀት የሚደርሰው ከቀናት በኋላ ሊሆን ይችላል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚባለው በወንዝ ዳር ብቻ አይደለም።

አፈር ሰው ላይ ከተናደ ደግሞ የመጀመሪያው እርምጃ ወደ ጉድጓዱ መሮጥ አይደለም። በጎፋ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ከሞቱት ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩ ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት በተሰበሰቡበት ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ናቸው። አንድ ሰው ርቆ ቆሞ ግድግዳውን ይጠብቅ፤ ትንሽ ድንጋይ መንጠባጠብ ሲጀምር ይጩህ። ሌላው በጠዋት የወረዱትን በስም እየጠራ ይቁጠር፤ ስንት ሰው እንደጎደለ ሳይታወቅ መቆፈር በባዶ ቦታ መድከም ሊሆን ይችላልና። አንድ ሜትር ኩብ አፈር አንድ ቶን ተኩል ያህል ይመዝናል፤ እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ፊቱ ከአፈር ውጭ ቢሆንም እንኳ ደረቱ መነሣት ተስኖት ሊታፈን ይችላል። ስለዚህ ፊቱ ከተገለጠ በኋላ ቀጥሎ የሚገለጠው ደረቱ ነው፤ በተቀበረው ሰው አጠገብ በእጅና በአጭር አካፋ እንጂ በኤክስካቫተር አይቆፈርም፤ ግማሽ አካሉ እንደተቀበረም በገመድ አይጎተትም።

ድንጋዩ አልቆ ማኅበሩ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ጉድጓዱ ይቀራል። ግድግዳው ሳይጋደም፣ ቁልሉ ወደ ጉድጓዱ ሳይመለስ፣ ቦዩ ሳይጠረግ የተተወ ካባ ሠራተኛ ባይኖረውም በክረምት ይናዳል፤ ከአፋፉ በላይ ያለው ጓሮም በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እያለ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። መልሶ ለመሙላት የሚያስፈልገው አፈር ከቦታው ሳይርቅ፣ በአፋፉ ላይ ተቆልሎ ይገኛል፤ የላይኛው ጥቁርና ቀይ አፈር ለብቻው ከተቀመጠም በላዩ ላይ ሣርና ባሕር ዛፍ፣ ጥቂት ቆይቶም እንሰት ይበቅልበታል።